ሰኞ ማክሰኞ

ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ የግል አጸደ ሕፃናት በረንዳ ላይ ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን አየሁ። አንዱ በካርቶን ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ ሰኞ ፊደል፣ ማክሰኞ ቁጥር፣ ረቡዕ እንግሊዝኛ፣ ሐሙስ አፋን ኦሮሞ፣ ዓርብ ሥዕልና መዝሙር። ሌላውን ልጆቹ ራሳቸው ከካርቶኑ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በከሰል ሥለውታል። ሰኞ ማክሰኞ ነው። አምስት ዓመት የሞላት የማትመስል ልጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውራ በአንድ እግሯ እየዘለለች ሄደች። «ነክቷል!» አለች ጓደኛዋ። «አልነካም!» ሁለቱም ተንበርክከው ድንጋዩንና መስመሩን በጣታቸው ለኩ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ የዘለለችው ተራዋን ለቀቀች። ደወል ሲደወል ሮጠው ገብተው ደብተር ከፈቱ። የዕለቱ ሥራ «መ»ን አንድ ገጽ ሙሉ መጻፍ ነበር።

እዚያ በረንዳ ላይ የቆምኩት ለልጄ ቦታ ፍለጋ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ውስጥ ምን ይሥራ? ካርቶኑ ላይ ያለውን ሳምንት ወይስ ሲሚንቶው ላይ ያለውን? ጥያቄው በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ወገን እውነት ስለያዘ የአንዱን ብቻ ሰምቶ መወሰን ልጁን መጉዳት ይመስለኛል።

መጀመሪያ የወላጁን ላስቀድም፤ ብዙ ጊዜ አላዋቂ ተደርጎ የሚታለፈው እሱ ነውና። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የሚኖሩት ከአዲስ አበባ ጋር ነው። ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ብዙ እናትና አባት ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። ሲመለሱ ልጁ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ዓይኑ እየተከደነ ነው። ሲጫወት የዋለውን ማን አየለት? የሚታየው ቦርሳው ውስጥ ያለው ደብተር ብቻ ነው። ከደመወዙ ቆርጦ ለትምህርት ቤትና ለሰርቪስ የሚከፍል ሰው በዚያ ደብተር ልጁ መማሩን ቢለካ አይፈረድበትም። ጠዋት በር ላይ «ሚስዬ፣ ልጄ ፊደል ለየ ወይ?» እያለ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ፍርሃቱም መሠረት አለው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ሁለት ዓመት ተምሮ አንዲት ቃል! ይህን በታላቅ ልጁ ወይም በጎረቤቱ ልጅ ያየ ወላጅ ለትንሹ ፊደሉን ቀደም ብሎ ቢፈልግ ምን ይገርማል? ሌላም የማልንቀው ክርክር አለ። መጽሐፍ የሞላበት ቤት ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ቢጫወት ማታ አባቱ ያነብለታል፤ ፊደል ዞሮ ዞሮ ይደርሰዋል። ግድግዳው ላይ ከቀን መቁጠሪያ በቀር ጽሑፍ የሌለበት ቤት የሚያድገው ልጅ ግን ፊደልን ትምህርት ቤት ካላገኘው ከየት ያገኘዋል? «ልጆች ይጫወቱ» የሚለው ምክር የደላው ቤት ምክር የሚመስልበት ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ አምኜ የወንድሜን ልጅ አስታውሳለሁ። አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ማታ ስሙን በማልጠቅሰው ኬጂ የተሰጠውን የቤት ሥራ ሊሠራ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኛ። እርሳሱን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና በጭብጡ ጨብጦታል። የ«ለ»ን ቀኝ እግር ሲያወርድ የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ፤ ተቀረጸለት፤ እንደገና ተሰበረ። በላጲስ ሲያጠፋ ወረቀቱ ተቀደደ። እናቱ እጁን በእጇ ይዛ የቀረውን ግማሽ ገጽ ጻፈችለት፤ እንባው ደብተሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በማግስቱ ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ትክክል ተደርጎበት፣ «በጣም ጥሩ» ተብሎበት መጣ። ያንን ገጽ የጻፈው ማን ነው? ምኑስ ነው ጥሩ?

የጨዋታ ወገኖች ክርክር የሚጀምረው ከዚያች ትንሽ ጭብጥ ነው። እርሳስ የሚይዘው ጣት ከእርሳስ በፊት ጭቃ ሊያቦካ፣ ሽንብራ ከባቄላ ሊለቅም፣ ቆርኪ ሊደረድር ይገባዋል። ቆርኪውን በአምስት በአምስት የደረደረ ልጅ መደመርን በጣቱ ያውቀዋል፤ ሰሌዳ ላይ ሲያየው አዲስ አይሆንበትም። በረንዳው ላይ ያየኋቸው ሁለት ልጆችም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቆጥረዋል፣ ሚዛናቸውን ጠብቀዋል፣ ለክተዋል፣ ተከራክረዋል፣ ሽንፈትንም ተቀብለዋል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው «መ»ን ሃያ ጊዜ ከመጻፍ የሚያንሰው? እኔ የሚያንስ አላገኘሁበትም።

አጸደ ሕፃናት የሚለው ስም ራሱ ለዚህ ወገን ይመሰክራል። አጸድ አትክልት የሚተከልበት ግቢ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሲከፍት ያሰበው ልጆች እንደ ተክል የሚያድጉበትን ቦታ ነበር፤ እኛም ሐሳቡን በግዕዝ ቃል ተቀበልነው። ዛሬ ግን አንዳንዱ ግቢ ስሙ አጸድ ሆኖ ልጅ የሚሮጥበት አንድ ክንድ መሬት የለውም፤ ሰው ይኖርበት የነበረ ግቢ ተከራይቶ ኬጂ ሆኗል፤ ሳሎኑ ክፍል፣ ጋራዡም ክፍል።

ከውጭ አገር ማስረጃ ቢጠራም ለአንዱ ወገን ብቻ አያደላም። በፊንላንድ መደበኛ ትምህርት በሰባት ዓመት ይጀመራል፤ ጨዋታን የሚደግፍ ሁሉ ይጠቅሳታል። ነገር ግን የፊንላንድ ልጅ የሚጽፍበት ቋንቋ ድምፅና ፊደሉ አንድ ለአንድ የሚገጥም ነው፤ ቤቱም መጽሐፍ አያጣም። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ደግሞ በዕጣ የተለዩ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ልጆች ለዓመታት ተጠንተዋል። የመንግሥቱን ቅድመ አንደኛ የተማሩት መጀመሪያ ላይ ቀድመው ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ዕጣው ካልወጣላቸው ልጆች ያነሰ ውጤት አመጡ፤ ጥናቱም በ2022 እ.ኤ.አ. ታተመ። እኔ ከዚህ የምወስደው ቅድመ አንደኛ መከፈቱ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ነው። ውስጡ በየቀኑ የሚሆነው ነገር ይወስነዋል።

ከፊንላንድ ይልቅ የራሳችን የቄስ ትምህርት ቤት ብዙ ያስተምረኛል፤ ሁለቱም ወገን በየፊናው ስለሚያጣምመው። ለደብተር የሚከራከረው «አባቶቻችን በአራት ዓመታቸው ፊደል ቆጥረዋል» ይላል። እውነት ነው። ለጨዋታ የሚከራከረው «ያ ሽምደዳ ነው» ብሎ ይገፋዋል። ግን እንዴት ነበር የሚቆጠረው? ልጁ ዛፍ ሥር ወይም ደጀ ሰላም አጠገብ ተቀምጦ፣ በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት ፊደሉን እየነካ፣ በዜማ ጮክ ብሎ ነው። እርሳስ የለም፤ ገጽ መሙላት የለም። ዓይኑ፣ ጣቱ፣ ድምፁና ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ አካሉ አንድ ላይ ይሠራሉ። ዳዊት የጀመረው ታላቁ ልጅ ሀ ሁ ላይ ያለውን ታናሹን ያስቆጥራል። ዱላም ነበረበት፤ እሱን አልናፍቅም። ይህን የልጅ ለልጅ ትምህርት መንግሥትና ዩኒሴፍ በእኛ ዘመን ታላላቅ ተማሪዎች ሕፃናትን ለትምህርት የሚያዘጋጁበት መርሐ ግብር አድርገው መልሰው አምጥተውታል። ስለዚህ ፊደልና ጨዋታ በጠላትነት የቆሙ ነገሮች አይደሉም። ያጣላቸው የአራት ዓመት ልጅ በእርሳስ ገጽ እንዲሞላ መጠየቁ ነው።

ስለ ግል ኬጂ ብቻ ማውራት የብዙኃኑን ልጅ መርሳት ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ላይ ኃላፊ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በየመንግሥት አንደኛ ደረጃው «ኦ ክፍል» ተከፈተ። ኦሮሚያ ውስጥ ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ ቡኡራ ቦሩ የሚባሉትን የቅድመ አንደኛ ትምህርት ቤቶች ሠራ፤ ትርጉሙ የነገ መሠረት ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አደረገው። በሩ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። በውስጡ ያለችው መምህር ግን ስለ ጨዋታ ስትጠየቅ የምትመልሰው ከአንድ ሰሌዳ፣ ከአንድ ኳስና ከስልሳ ልጆች መሐል ሆና ነው። ስልሳ ልጅ ወደ ውጭ ስታወጣ ማን የት እንደገባ አታውቅም። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ጃኬት የሌለውን ልጅ እዚያ ላይ አስቀምጦ ክብ መሥራት ቀላል አይደለም። ሀ ሁን አስጩሆ ማስቆጠር ለስልሳ ልጅ የሚቻል ነገር ስለሆነ ነው የምትይዘው። ስንፍና ማለት አይገባም። በዕቅድ ላይ «ነጻ ጨዋታ» ብሎ ጽፎ ረዳት፣ ቦታና ቁሳቁስ የማይሰጥ አካል መምህሯን የመውቀስ መብት የለውም።

በነዚህ ከተሞች ሳምንቱን ከሁሉ በላይ የሚያጣብበው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጽሕፈቱ ሦስት መሆኑ። ሰኞ የአማርኛ ፊደል፣ ረቡዕ የእንግሊዝኛ ኤቢሲዲ፣ ሐሙስ የአፋን ኦሮሞ ቁቤ። ቁቤና እንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ፊደል መስለው ለልጁ ሁለት ነገር ይነግሩታል። ረቡዕ «ኤክስ» ተብሎ የተማረው ምልክት ሐሙስ «ጠ» ይሆናል፤ የጤፍ የኦሮምኛ ስም ጣፊ የሚጀምረው በእሱ ነው። ረቡዕ የድመት እንግሊዝኛ ስም መጀመሪያ የነበረው «ሲ» ሐሙስ «ጨ» ይሆናል፤ ጨፌ የሚጻፈው በእሱ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል። የአራት ዓመቱ ግን በአንድ ቀን ልዩነት ምን ይያዝ?

ሦስቱንም የሚፈልገው ወላጅ ምክንያት አለው። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚነገርባቸው፣ ኪራይ ሸሽተው ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የት እንደሚኖሩ አያውቁም። አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻቸው የሆነና በቋንቋቸው መማር መብታቸው መሆኑን የሚያውቁ፣ ከእነሱ በፊት የነበረው ትውልድ ይህን ዕድል እንዳላገኘ የማይረሱ ቤተሰቦችም አሉ። እንግሊዝኛውን ደግሞ ሁሉም ለነገ ሥራ ብሎ ይፈልገዋል። አንዱን ዛሬ ማዘግየት ልጁን ከአንድ በር ውጭ ማስቀመጥ ይመስላቸዋል። የፊደል ነገር ምን ያህል ስሜት እንደሚነካ በ2009 ዓ.ም. አይተናል፤ በኦሮሚያ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ የቁቤ ቅደም ተከተል ሲቀየር ክርክሩ ከመምህራን አልፎ አገር አዳረሰ።

በዚህ ላይ አቋም አለኝ። ለመናገርና ለመዘመር ሦስቱም ቋንቋ ሳምንቱን ሙሉ ቢሰማ ልጅን አይጎዳውም፤ የነዚህ ከተሞች ልጆች በባጃጅ ውስጥም በሱቅ ደጃፍም አማርኛና አፋን ኦሮሞን ሲቀላቅሉ ውለው ያድራሉ። ጽሕፈት ግን በአንዱ ይጀመር፤ ልጁ ከጓደኛው ጋር ሲጣላ በሚናገርበት ቋንቋ። ሌሎቹ ሁለቱ አንዱ በእጁ ከጸና በኋላ ይምጡ። ቤቱ ሁለት ቋንቋ የሆነለት ልጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ የእሱን ወላጆቹ ከመምህሯ ጋር ተቀምጠው ይወስኑ እንጂ ካርቶን አይወስንለትም።

ፍጥነቱም ይታሰብበት። የአማርኛ ፊደል ቤቶች 33 ናቸው። በቀን አንድ ቤት የሚያስኬድ ክፍል ሰባት ሳምንት ሳይሞላ 231ዱን ይጨርስና «ጨርሰናል» ይላል፤ ልጁ በዜማ ይለዋል፣ ለይተህ አሳይ ሲባል ግን ከ«ሀ» ተነሥቶ ካልቆጠረ «ነ»ን አያገኛትም። በሳምንት አንድ ቤት ብንል ግን 33ቱ የትምህርት ዓመቱን ይሞሉታል። በ«በ» ሳምንት ሰኞ ፊደሏ በዜማ ትቆጠር፤ ማክሰኞ አሸዋ ላይ በጣት ትጻፍ፤ ረቡዕ ባቄላና በቆሎ ተለቅመው ይቆጠሩ፤ ሐሙስ ስለ በግና ስለ በሬ ተረት ይነገር፤ ዓርብ ከሰኞ ማክሰኞው ሳጥኖች በአንዱ ላይ «በ» ትጻፍና ልጆቹ ይዝለሉባት። ጭቃ፣ አሸዋ፣ ቆርኪና ከሰል ነው የሚጠይቀው፤ ስልሳ ልጅ ያላት መምህርም ግማሹን በዜማ፣ ግማሹን በሥራ ከፍላ ልትሞክረው ትችላለች፤ አንዲት ረዳት ከተሰጠቻት።

ለወላጁም መስኮቱ አይዘጋበት። የወላጅና የመምህር መገናኛ ደብተር በየኬጂው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፍበት ክፍያ፣ ጥፍርና ፀጉር ነው። እዚያ ላይ ዓርብ ዓርብ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ልጅዎ በዚህ ሳምንት ይህን ሠርቷል፣ ማታ ይህን ይጠይቁት። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ተኩል በታክሲ ተጉዞ የመጣ አባት እርሳስ የያዘ እጅ ከሚጨብጥ «ባቄላው ስንት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ይቀለዋል።

ለልጄ ገና አልወሰንኩም። ያንን በረንዳ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሄጄ አየሁት። መምህሯን የቤት ሥራውን ስለመቀነስ ስጠይቃት እሷ ብትፈልግም የሚከፍሉት ወላጆች እንደሚቆጡ ነገረችኝ። ከፈለግሁ የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት እንዳለና መጥቼ ይህንኑ በእነሱ ፊት እንድናገር ጠየቀችኝ። እሄዳለሁ።