ተያዥ የሌለው ዘበኛ አትቅጠሩ

የዋጋ ቅናሽ ሰሞን በመጣ ቁጥር ኤርፖርት ሰልፍ ይዘን ስንጠብቅ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። «ኢንጂነር፣ ሪንግ ይሻላል ወይስ ኢውፊ? ዋይዝስ እንዴት ነው? ኮስትኮ አራት ካሜራ በአንድ ካርቶን አይቻለሁ፣ ልግዛው?» መሪ ከያዝኩ ስንት ዓመት አልፎኝም ኢንጂነርነቴን ያልረሳችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንን እልካለሁ። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አቋሜ አጭር ነው። ካሜራን እንደ ቴሌቪዥን አትግዙት፣ እንደ ዘበኛ ቅጠሩት። አገር ቤት ዘበኛ ስንቀጥር ምን ነበር የምንጠይቀው? ዓይኑ ያያል ወይ? ብርድ ይችላል ወይ? ደመወዙ ስንት ነው? አፉስ፣ የቤታችንን ጉዳይ ለሰፈር ይዘራል ወይ? በመጨረሻም «ተያዥህ ማነው?» እንላለን። አዲስ አበባ ያለ ተያዥ ሠራተኛ ወደ ግቢው የማያስገባ ሰው፣ አውሮራ ሲደርስ ማን እንደላከው የማያውቀውን ዓይን በ30 ዶላር ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ዓይኑ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ሁለት ነገሮች «4ኬ» እና «ሰፊ እይታ» ናቸው። ሁለቱ እርስ በርስ እንደሚሻሙ ግን አይጻፍም። በሙያው የታወቀ መለኪያ አለ። የማታውቁትን ሰው ፊት በማስረጃነት ለመለየት፣ ሰውየው በቆመበት ቦታ በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። የምታውቁትን ሰው ለመለየት 125 ይበቃል። «እዚያ የሆነ ሰው አለ» ለማለት ብቻ ከሆነ 25 ይበቃል።

አሁን እናስላው። 1080ፒ የሚባለው ካሜራ በአግድም 1920 ፒክስል አለው። ለ250 ስናካፍለው 7.7 ሜትር ገደማ ስፋት ይሆናል። ካሜራው በአግድም 110 ዲግሪ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ያ ስፋት የሚሞላው ከካሜራው 2.7 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ከዚያ ያለፈ ሌባ ሰው መሆኑ ይታወቃል እንጂ ማንነቱ አይታወቅም። 4ኬ ብትገዙ 5.4 ሜትር ይደርስላችኋል፤ ከአንድ መኪና ርዝመት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይህ ሁሉ በቀን ብርሃን ነው፤ ማታ ይብሳል።

ስለዚህ ጋራዥ አናት ላይ የተሰቀለ አንድ ሰፊ ካሜራ መንገዱን ሁሉ ያሳያችሁና ፊት አያሳያችሁም። ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ የሚቀርጸው የኮፍያ ጫፍ ነው። የተሻለው አንዱን ሰፊ፣ ሌላውን ጠባብ አድርጎ ጠባቡን ሰው የግድ በሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ በፊት ከፍታ አካባቢ ማድረግ ነው። የደወል ካሜራ ጥሩ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተገጠመበት ከፍታ ፊትን ያገኛል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ካሜራ ያያል እንጂ አይዝም። ኮሎራዶ በ2022 በነፍስ ወከፍ ስሌት በመኪና ስርቆት ከአገሩ አንደኛ ነበረች። በ2023 ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጁላይ ጀምሮ፣ መኪናው ርካሽም ይሁን ውድ ስርቆቱ ከባድ ወንጀል እንዲሆን ሕጉ ተለውጧል። አብዛኞቻችን የነዳነውን ፕሪየስ ደግሞ ሌቦቹ በደንብ ያውቁታል፤ ከሥሩ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ውድ ማዕድን አለ፣ ጭስ ማውጫውን በመጋዝ ቆርጦ ለመሄድም ደቂቃዎች ይበቃሉ። ለዚህ ችግር ከካሜራ በፊት ከመኪናው ሥር የሚታሰር የብረት መከላከያ ግዙ። ሌባው ጭምብል አድርጎ ሲጋዝ በ4ኬ ማየት ምንም አይመልስላችሁም።

ብርዱን መቻሉ

ካሊፎርኒያ ያለ ዘመድ የመከራችሁን ካሜራ እዚህ አታምጡት። ዲሴምበር 22 ቀን 2022 ዴንቨር ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ፋራናይት ወርዳ ነበር። የዚያን ሌሊት ሥራ ላይ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ብዙዎቹ የባትሪ ካሜራዎች ግን እንችላለን የሚሉት ከዜሮ በታች እስከ 4 ወይም 5 ዲግሪ ድረስ ነው። ሌላም አለ። ሊትየም ባትሪ ከ32 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ስለዚህ የፀሐይ ፓነሉ ፀሐይ እያገኘም በክረምት ባትሪው ሊያልቅ ይችላል።

የባትሪ ካሜራ ሌላው ጉድለት እንቅልፉ ነው። ጉልበት ለመቆጠብ ይተኛል፣ የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ ሲሰማው ይነቃል። እስኪነቃ ድረስ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ልታመልጠው ትችላለች። ሃያ አራት ሰዓት የሚቀርጽ ከፈለጋችሁ ኤሌክትሪክና ምስል በአንድ የኔትወርክ ኬብል የሚሄድበት ዓይነት ይሻላል። ኬብሉን መዘርጋት የአንድ ቅዳሜ ድካም ነው፤ ከዚያ በኋላ በበረዶ መሰላል ላይ ወጥቶ ባትሪ መቀየር የለም።

ደመወዙ

የካሜራው ዋጋ የቅጥሩ ቀን ወጪ ነው፤ ደመወዙ በየወሩ ይመጣል። ሪንግን ያለ ወርሃዊ ክፍያ ከያዛችሁት በቀጥታ ታያላችሁ፣ ማስጠንቀቂያም ይደርሳችኋል፤ ያለፈውን ግን መልሳችሁ ማየት አትችሉም። ኔስት ያለ ክፍያ የሚያስቀምጠው የጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በወር 5 ዶላር ትንሽ ይመስላል፤ በአምስት ዓመት 300 ዶላር ነው። ካሜራው በዝቶ 10 ዶላር ከሆነ 600 ይሆናል፤ ዋጋው ካልጨመረ ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ አራት ካሜራና የራሱ መቅረጫ ሳጥን ያለው የኬብል ስብስብ መግዛት ይቻላል።

ቦታ አይበቃም ለምትሉ ደግሞ ስሌቱ ይኸውና። አንድ ባለ 2ኬ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢጠቀም በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። ሁለት ካሜራ 86 ነው። ሁለት ቴራባይት ዲስክ የ23 ቀን ቅጂ ይይዝላችኋል። አገር ቤት ደርሳችሁ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ነው።

አፉ

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው «እኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለኝ?» ይላል። እስቲ የሆነውን ስሙ።

ሪንግን አማዞን በ2018 ገዛው። በ2023 የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ፣ አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ በ2017 ለወራት ያህል ቢያንስ የ81 ሴቶችን ቅጂዎች ሲያይ እንደነበር ገለጸ። ካሜራዎቹ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት የነበሩም ነበሩ። ጉዳዩ በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ።

ዋይዝ በፌብሩዋሪ 2024 ሲስተሙ ተቋርጦ ሲመለስ 13,000 ያህል ደንበኞች የሌላ ሰው ካሜራ ምስል ስልካቸው ላይ መጣባቸው። 1,504 የሚሆኑት ምስሉን ነክተው ከፍተውታል። ሰባሪ አልገባም፤ ሶፍትዌሩ የአንዱን ቤት ከሌላው ሰው ስም ጋር አደባልቆ ነው።

ኢውፊ ደግሞ «ቅጂው ከቤታችሁ አይወጣም» እያለ ነበር የሚሸጠው። በኖቬምበር 2022 አንድ ተመራማሪ የፊት ምስሎች ወደ ድርጅቱ ክላውድ እንደሚሄዱ አሳየ። ድርጅቱ መጀመሪያ ቢያስተባብልም በኋላ ችግር እንደነበር አምኗል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አምራቾቹ ነው። ሌላው የገጣሚው ጉዳይ ነው። በቴክሳስ የአንድ ትልቅ የጥበቃ ድርጅት ቴክኒሻን ሲገጥም የራሱን ኢሜይል በደንበኞቹ አካውንት ላይ እየጨመረ ከ200 በላይ ቤቶችን ከ9,600 ጊዜ በላይ አይቶ በ2021 የ52 ወር እስር ተፈርዶበታል። ይህን የምነግራችሁ የእኛም ልማድ ስላለበት ነው። «አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፣ ይገጥምልሃል» ተብሎ ይመጣል፤ አካውንቱን በራሱ ስልክ ይከፍታል፤ ፓስወርዱንም እሱ ያወጣዋል። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፣ ፓስወርዱን ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት አድርጉት፣ በስልክ የሚላከውን ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ፣ ሲጨርስም «እነማን ያያሉ?» የሚለውን ዝርዝር ከፍታችሁ ቁጠሩ።

የመንግሥትም ጉዳይ አለ። ሪንግ በ2022 ለሴናተር ኤድዋርድ ማርኪ በጻፈው ደብዳቤ በዚያ ዓመት 11 ጊዜ፣ ድንገተኛ አደጋ ነው ተብሎ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ቅጂ ለፖሊስ መስጠቱን ገልጿል። በ2025 ደግሞ የዴንቨር ምክር ቤት የፍሎክን የታርጋ አንባቢ ካሜራዎች ውል ማራዘሚያ ውድቅ አድርጎ ከተማው ሲከራከርበት ከርሟል። ፖሊስን አትርዱ ማለቴ አይደለም። ጎረቤት ሲዘረፍ ቅጂ መስጠት ደግ ነው። ግን ቅጂው ቤታችሁ ካለ ጠያቂው የእናንተን በር ያንኳኳል፤ ድርጅቱ ጋ ካለ የሚንኳኳው የሌላ ሰው በር ነው፣ እናንተ ላትሰሙም ትችላላችሁ። አብዛኞቻችን ከየት እንደመጣን ስታስቡት ልዩነቱ ይገባችኋል።

እንግዲህ ተያዡ ማነው?

ቅጂው ቤታችሁ ባለው ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ተያዡ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው።

የራሱ ቤት ያለው ሰው፣ ግሪን ቫሊ ራንችም ሆነ ደቡብ አውሮራ፣ እንደ ሪዮሊንክ ያለ በኬብል የሚሠራና የራሱ መቅረጫ ያለው ይግዛ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይቀርጻል። ሳጥኑን ቤዝመንት ውስጥ ደብቁት። «አምራቹ የቻይና አይደለም ወይ?» ለምትሉ፣ አዎ ነው፤ ስለዚህ መቅረጫው ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ ራውተሩ ላይ መዝጋት ይቻላል። ከስልክ ማየቱ ይቀርባችኋል፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ታውንሃውስ ከሆነ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት የኤችኦኤውን ደንብ አንብቡ።

አፓርትመንት የተከራየ ሰው ሜሞሪ ካርድ የሚወስድ እንደ ታፖ ያለ ርካሽ ካሜራ ይበቃዋል። በመስኮት ወደ ፓርኪንግ የምታዩ ከሆነ የማታውን ኢንፍራሬድ መብራት አጥፉት፤ መስታወቱ መልሶ ያንጸባርቅና ነጭ ግድግዳ ብቻ ታያላችሁ።

ሪንግ ወይም ኔስት ቀድሞውኑ ያለው ሰው አውጥቶ አይጣለው። ለውጪ በር ጥሩ ናቸው፣ አጠቃቀማቸውም ቀላል ነው፤ ሌባ ካሜራውን ነቅሎ ቢሄድ እንኳ ቅጂው ይተርፋል፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሪንግ ከ2021 ጀምሮ ድርጅቱ ራሱ ቅጂውን መክፈት እንዳይችል የሚያደርግ ቁልፍ አለው፤ ግን ካላበራችሁት አይበራም፣ ስታበሩትም አንዳንድ አገልግሎቶች ይቀራሉ። እኔ አብሩት እላለሁ።

የትኛውንም ብትገዙ ግን ከደጅ አታስገቡት። ይህ የመጨረሻውና ለእኔ ትልቁ ነጥብ ነው። ከአገር ቤት መጥታ ልጆቻችንን የምታሳድግልን እናት፣ ቀኑን ሙሉ ነጠላዋን አውልቃ የምትቀመጥበት ሳሎን ውስጥ ዓይን መስቀል ነውር ነው። እሷ ያንን ጥቁር ኳስ መብራት መስሏት አብራው ትኖራለች፤ ልጇ ኤርፖርት ቁጭ ብሎ ምን እንደምትሠራ ያያል፤ ከላይ የዘረዘርኳቸውም ተራቸውን ሊያዩ ይችላሉ። ሕጉም አለ። ኮሎራዶ ውስጥ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ንግግር መቅዳት ይቻላል፤ እናንተ በሌላችሁበት ሁለት ሰዎች የሚያወሩትን ሳያውቁ መቅዳት ግን ያስጠይቃል። ለሕፃን ወይም ለታመመ ሰው የግድ ከሆነ ንገሩ፣ አሳዩ፣ አስፈቅዱ፤ ድምፁን አጥፉ፤ ቤት ስትገቡም ገመዱን ንቀሉ።

አገር ቤት ዘበኛው የሚያድረው በር ላይ ባለች ጎጆው ነበር። ጎበዝም ቢሆን፣ ተያዥም ቢኖረው፣ መኝታ ቤት አይገባም ነበር። ይቺን ልማድ ሻንጣችን ውስጥ ረስተናታል።

የገዛችሁት ካሜራ ስሙንና የተገጠመበትን ቦታ ጻፉልኝ፤ አንግሉንና ርቀቱን አስልቼ ፊት ያሳያል ወይስ አያሳይም እነግራችኋለሁ። የቤታችሁን አድራሻ ግን ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ። መልካም የሥራ ሌሊት።