ሽፍታው ለምን አብሮን ያድጋል?

ባለፈው ክረምት፣ ዲላ ላይ ዝናቡ ሳያባራ በዋለበት አንድ ምሽት፣ መብራት በመጥፋቱ ከቢሮዬ ስወጣ ሦስት ተማሪዎች አንድ ላፕቶፕ ከበው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። የቀረችው ባትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ የማትበቃ በመሆኗ ክርክሩ የጦፈ ነበር። ስለ ፈተና የሚነጋገሩ መስሎኝ ጠጋ አልሁ። ነገሩ ግን «ኦብሊቪየን» ስለተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ ሆኖ ተገኘ። ከመካከላቸው አንዱ ቀና ብሎ፣ «ዶክተር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፤ እኔ እየጠነከርሁ ስሄድ መንገድ ላይ የሚያደባው ሽፍታ ለምን አብሮኝ ይጠነክራል?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ኖርዌይ ውስጥ ትሮንዳይም ከተማ የዶክትሬት ተማሪ ነበርሁ፤ በክረምት ፀሐይ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ብቅ ብላ ስለምትጠፋ፣ የቤተ ሙከራ ጓደኞቼ ረጅሙን ሌሊት የሚያሳልፉት በዚሁ ጨዋታና በዚሁ ጭቅጭቅ ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። «ኤልደር ስክሮልስ» ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣቸው ተከታታይ የምናባዊ ዓለም ጨዋታዎች ስም ነው። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ፣ ሰይፍም ይሁን አስማት፣ ንግድም ይሁን አንደበት፣ የመረጠውን ሙያ በመጠቀም ከደረጃ ወደ ደረጃ ያሳድገዋል። ሦስተኛው ክፍል «ሞሮዊንድ» እ.ኤ.አ. በ2002፣ ተከታዩ «ኦብሊቪየን» በ2006፣ አምስተኛው «ስካይሪም» በ2011 ወጡ። በ2025 «ኦብሊቪየን» በአዲስ ገጽታ ተሠርቶ ዳግም ሲቀርብ፣ የቀድሞው ክርክርም አብሮት ተነሣ። ተማሪዎቼ የሚጫወቱት ግን የ2006ቱን ነው፤ አዲሱን ላፕቶፓቸው አይሸከመውም።

ስለ ተከታይ ክፍል የሚሰጥ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ «የፊተኛው ይሻል ነበር» ከማለት አያልፍም። እንዲህ ዓይነቱን አስተያየት በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ነው፤ ሰው የመጀመሪያ ፍቅሩን ሲያስታውስ ጉድለቱን አያስታውስምና። በ«ሞሮዊንድ» ሰይፍህ በጠላትህ ገላ ውስጥ ሲያልፍ በዓይንህ እያየህ፣ በስውር የሚጣለው ዕጣ ካልወጣልህ «ስተሃል» ትባል ነበር። አድናቂዎቹ ይህን ሲያነሡ እምብዛም አልሰማሁም። የሽፍታው ጉዳይ ግን ከትዝታ የመጣ ወቀሳ አይደለም።

በ«ሞሮዊንድ» ዓለሙ በአመዛኙ የጸና ነው። በመቃብር ዋሻ ውስጥ ያለው አደገኛ ፍጡር አንተ ደካማ ሆንህም ጠንካራ ያው ነው፤ ዛሬ ሸሽተህ ካመለጥህ፣ በርትተህ ስትመለስ ታሸንፈዋለህ። በ«ኦብሊቪየን» ግን አብዛኛው ጠላትና ሀብት በተጫዋቹ ደረጃ ልክ ይሰፋል። ከዚህ የተነሣ መንገድ ዘግቶ 100 ወርቅ ብቻ የሚለምን ተራ ቀማኛ፣ ተጫዋቹ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ብርቅ ጥሩር ለብሶ ይገኛል። ጥሩሩን ሸጦ ለምን አርፎ አይቀመጥም ብለው የትሮንዳይም ጓደኞቼ ይሣለቁ ነበር።

ነገሩን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ የጨዋታው ሳይሆኑ ለምሳሌ ያህል እኔ ያመጣኋቸው ናቸው። የተጫዋቹ ጉልበት ሲጀምር 10፣ የሽፍታው 8 ይሁን። በየደረጃው ተጫዋቹ 2፣ ሽፍታው 3 ይጨምር። ከሁለት ደረጃ በኋላ ሁለቱም 14 ላይ ይገናኛሉ። ከ10 ደረጃ በኋላ ተጫዋቹ 30፣ ሽፍታው 38 ይሆናሉ፤ ከ20 በኋላ 50 እና 68። የተጫዋቹ ጉልበት በአምስት እጥፍ አድጓል፤ ለሽፍታው ያለው ንጽጽር ግን ከ1.25 ወደ 0.74 ወርዷል፤ እየቀነሰም ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ ወደ ኋላ የሚቀረው በተለይ በንግድ፣ በንግግርና በሩጫ ደረጃውን ከፍ ሲያደርግ ነው፤ ደረጃው ያድጋል፣ የሰይፉ ጉልበት ግን ባለበት ይቀራል፤ ጠላቱ የሚያየው ደግሞ ደረጃውን ብቻ ነው። አስገራሚው ነገር፣ ደረጃ የሚጨምረው አልጋ ላይ ሲተኙ በመሆኑ፣ ሆን ብለው ሳይተኙ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንዳሉ ዋናውን ታሪክ የጨረሱ ተጫዋቾች መኖራቸው ነው። በዚያ ዓለም አለማደግ ብልሃት ሆነ ማለት ነው።

በእኔ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይህን ስሜት በደንብ ያውቀዋል። ውጤት በ«ከርቭ» ይሰጥ ነበርና፣ አንድ ተማሪ ከ60 ወደ 75 ቢያድግ፣ ክፍሉ በሙሉ እኩል ካደገ የሚያገኘው ፊደል ያው «ሲ» ነው። ልዩነቱ፣ የክፍል ጓደኛው ዕድገት የራሱ ድካም ውጤት መሆኑ ነው፤ የሽፍታው ግን ለአንተ ሲባል የተሰፋ ነው። የምትለካበት ሜትር ከምትለካው ነገር ጋር እኩል ከተዘረጋ፣ ዕድገትህን የምታውቅበት መንገድ የለህም።

የፈጣሪዎቹንም ሐሳብ ማድመጥ ይገባል። ጠላት ሁሉ የጸና ቢሆን፣ ጀማሪ ተጫዋች ወደ ወደደው አቅጣጫ መሄድ አይችልም፤ የበረታውም የሚፎካከረው አጥቶ ይሰለቻል። ስለዚህ ወቀሳው ትክክል ነው፤ «ወደ ድሮው እንመለስ» የሚለው መፍትሔ ግን አይመስለኝም። ኩባንያው የጨዋታውን መሥሪያ መሣሪያ ለሕዝብ ክፍት አድርጎት ስለ ነበር፣ ተጫዋቾች ራሳቸው በዚያው በ2006 ዓለሙን መልሰው የሚያጸኑ ማሻሻያዎችን ሠሩ። «ስካይሪም» ደግሞ አስታራቂ መንገድ ይዞ መጣ፦ ለብዙ ቦታዎች ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አበጀ፣ የቦታውም ደረጃ ተጫዋቹ መጀመሪያ በገባበት ጊዜ ይወሰናል። እኔ ይህ ከሁለቱም ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ወቀሳ ስለ አቅጣጫ ነው። በ«ሞሮዊንድ» የምትሄድበት ቦታ በቃል ይነገርሃል፤ ድልድዩን ተሻገር፣ ከኮረብታው በስተ ግራ ታጠፍ እየተባለ። በ«ኦብሊቪየን» ግን ኮምፓሱ ላይ ምልክት ይታይሃል፤ እርሱን እየተከተልህ ትደርሳለህ። በዚህ ላይ ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፈሉ፤ እኔም ራሴ በልቤ ለሁለት ተከፍያለሁ። ከወናጎና ከይርጋጨፌ አውራ ጎዳና ወጥቶ ወደ ገበሬው መንደር የገባ ሰው ምን ማለቴ እንደ ሆነ ይገባዋል። ከደጋው ከቡሌ በኩል ቁልቁል ሲታይ ጫካ የሚመስለው የጌዴኦ ምድር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ በእውነቱ የሰው ጓሮ ነው፤ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና። በዚያ ውስጥ ከሃያ እርምጃ ወዲያ አይታይም። ወደ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ዋንዛውን ስታልፍ ውኃው ይሰማሃል፤ ውኃው ወደ ቀኝህ ከሆነ ተሳስተሃል» ብለው መሩኝ። ያን መንገድ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስልኬ የመራኝን መንገድ ግን ከተመለስሁ በኋላ ላስታውሰው ብሞክር አልቻልሁም። ያም ሆኖ፣ የቃል ምሪት መልካም የሚሆነው ነጋሪው አገሩን ሲያውቅ ነው፤ በ«ሞሮዊንድ» ግን ምሪቱ ራሱ የተሳሳተበት ጊዜ ነበር፣ ተጫዋቹም ያለ ጥፋቱ ሰዓታት ይንከራተት ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጨዋታን ለማስተዋወቅ አይደለም። የቤተ ሙከራ ሪፖርት ሳርም፣ ስድስት ተማሪዎች የፔንዱለም ጊዜን እስከ ሦስተኛው አሥርዮሽ ድረስ አንድ ዓይነት አድርገው አቅርበውልኝ ያውቃሉ። ምን እንደ ተደረገ ለመገመት ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። እነዚሁ ልጆች ማታ ስለ ሽፍታው ሲከራከሩ ግን «ስንት ጊዜ ሞክረኸው ነው?» ይባባላሉ። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን» የተባለውን የምናባዊ ዓለም ጨዋታ አውጥቷል፤ በአገራችንም ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ለእጅ ስልክ ሠርቷል። ነገ እንዲህ ያለ ሥራ ከዲላም ቢወጣ፣ ሠሪው ከነዚህ ጠያቂዎች አንዱ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ለዚያ ምሽት ጥያቄ የሰጠሁት መልስ፣ «ሽፍታው አብሮህ ማደጉን በምን አወቅህ?» የሚል ነበር። ባትሪዋም በዚያው አለቀች። ተማሪው ከሳምንት በኋላ ቢሮዬ መጥቶ በእጁ የተሰመረ ሠንጠረዥ አሳየኝ። በሦስት የተለያዩ ደረጃዎች፣ በአንድ ዓይነት ሰይፍ፣ ሽፍታው ስንት ጊዜ ሲመታ እንደሚወድቅ ቆጥሯል፤ እያንዳንዱንም አምስት አምስት ጊዜ ደጋግሞታል። ከቁጥሮቹ አንዱ ከሌሎቹ በጣም የራቀ ነበር። አልሰረዘውም። ከጎኑ በትንሹ፣ «ይኼኛው ጋሻ ይዞ ነበር፤ ቀድሜ አላየሁትም» ብሎ ጽፎበታል።