ከረጢቱ ላይ የማይጻፈው

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት የሚጓዝ ሰው ሦስት የግብርና ምርምር ማዕከላትን ያልፋል። ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አምቦ ወደ 2,200 ዝቅ ትላለች። ባኮ ደግሞ ሞቅ ያለው አገር ነው፤ 1,650 ሜትር አካባቢ። በመሐሉ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የሌለ የውኃ ፋብሪካ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከአድማስ አድማስ የተዘረጋ የገበሬ ማሳ አለ። ስለ ምርት ፈጠራ ወሬ ሲነሳ የሚጎድለን ገንዘብና ላቦራቶሪ ነው ይባላል። ይጎድለናል፣ ሐሰት አይደለም። እኔ ግን ይህን መንገድ ይዤ የምሟገተው በሌላ ነገር ነው። አንድ ድርጅት ምርቱን የሚያሻሽለው ተጠቃሚው ያየው ነገር ወደ ሠሪው የሚመለስበት መንገድ ሲኖር ነው። እኛ ዕውቀትን ማውረድ ለምደናል፤ ማውጣት ግን አልለመድንም። ለዚህ ማስረጃ ከበቆሎ ዘር የተሻለ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባኮ እ.ኤ.አ. በ1993 ቢኤች-660 የተባለውን ዲቃላ በቆሎ አወጣ። የዘር ሐረጉ ብቻውን ስለ ዕውቀት መጋራት ብዙ ይናገራል። ወላጆቹ የተገኙት ከኬንያዋ ኪታሌ ከመጣ ዘርና ከኢኳዶር ከተሰበሰበ በቆሎ ነው፤ ኬንያውያንም ሁለቱን አዳቅለው የራሳቸውን ዲቃላ ያወጡት በ1960ዎቹ ነበር። በዚያው በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ኢትዮጵያ ገብቶ ግማሽ ሄክታር በሚያህሉ የገበሬ ማሳዎች ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን አንድ ላይ ማሳየት ጀመረ። ገበሬው በወሬ ሳይሆን በጎረቤቱ ማሳ ላይ አየ፤ ቢኤች-660ም ተስፋፋ። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በአገሪቱ ከሚመረተው ዲቃላ ዘር ዋናው እሱ ሆኖ ቆየ።

ሁለት ዐሥርት ዓመት! ለአንድ ዘር ይህ ክብርም ነቀፋም ነው። ክብሩ የአዳቃዮቹ ነው። ነቀፋው ግን በዘሩ ላይ ሳይሆን ዘሩን ይሸጥ በነበረው ሥርዓት ላይ ይወድቃል። ቅጠል የሚያደርቁ በሽታዎች በቆሎው ላይ እየበረቱ ሄደዋል፤ ገበሬው ይህን በማሳው ያያል፣ ለልማት ሠራተኛውም ይናገራል። ይህ ቃል ግን ዘሩን ወደሚያባዛው ድርጅት የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። የዘር ፍላጎት ከቀበሌ ተደምሮ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል ይወጣ ነበር፤ ኮታው በተመሳሳይ መሰላል ይወርድ ነበር፤ ከረጢቱም በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ገበሬው እጅ ይደርስ ነበር፣ አንዳንዴም ዝናቡ ካለፈ በኋላ። ዘር አባዡ ድርጅት የሚያውቀው ስንት ኩንታል እንዳስረከበ ነበር። ማን ገዛው፣ የት ተዘራ፣ እንዴት በቀለ የሚለውን አያውቅም ነበር። ማወቅም አላስፈለገውም፤ ዘሩ አስቀድሞ ተሸጦ ነበር። ቅሬታ የማይሰማ ሻጭ ደግሞ ምርቱን የሚቀይርበት ምክንያት የለውም።

ተተኪው ቢኤች-661 የወጣው በ2011 ነው። አባቱ የቢኤች-660 አባት የነበረው የባኮው 142-1-ኢ መስመር ነው። እናቱ ግን ሁለት የሲሚት መስመሮችን በማዳቀል የተገኘች ናት። ሲሚት፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ሲኤምኤል እያለ የሚጠራቸውን መስመሮች ለጠየቀው አዳቃይ ሁሉ ይሰጣል። ስለዚህ ምዕራብ ሸዋ ላይ ከተዘራው እያንዳንዱ የቢኤች-661 ፍሬ ግማሹ የባኮ የዓመታት ልፋት ነው፣ ግማሹ ሌላው ዓለም ሳይሰስት የሰጠው። «የራሳችን ፈጠራ» እና «ከውጭ የመጣ» እያልን የምንከራከርበት ድንበር በአንድ ፍሬ ውስጥ ይጠፋል።

ወላጅ መስመሮችን ማግኘት ግን የነገሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ዲቃላ ዘር በሚባዛበት ማሳ ላይ እናቱና አባቱ ጎን ለጎን በረድፍ ይዘራሉ። የእናቲቱ ወንዴ አበባ ዱቄቱን ሳይበትን መነቀል አለበት፤ አለበለዚያ በራሷ ዱቄት ትዳቀልና ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው ዘር ዲቃላ አይሆንም። አበባው በሁሉም አገዳ ላይ በአንድ ቀን አይወጣም። ስለዚህ ነቃዮቹ ማለዳ ማለዳ እየተመላለሱ ረድፉን ይፈትሻሉ፤ ከቅጠሉ ጥቅል ውስጥ ገና ጫፉ ብቅ ያለውን ለይተው፣ ቅጠል ሳይቀነጥሱ፣ በአንድ ጊዜ ስበው ያወጡታል። ቅጠል አብሮ ከተቀነጠሰ ምርት ይቀንሳል፤ አንድ ሁለት አገዳ ከታለፈ ጥራት ይጓደላል። የአባትየው አበባና የእናቲቱ ሐር ካልተገጣጠሙ ደግሞ ዛላው ጥርሱ እንደወላለቀ አፍ ክፍትፍት ብሎ ይቀራል። ለዚህም ነው ሁለቱ ወላጆች አንዳንዴ በተለያየ ቀን የሚዘሩት። የቀኑ ልዩነት ስንት እንደሆነ የማዕከሉ መመሪያ ይነግራል። ዝናቡ በዘገየበት ዓመት፣ በዚያ ማሳ፣ በዚያ ከፍታ ላይ ልዩነቱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያውቁት ግን ወጣቶቹ ነቃዮችና የማሳው ተቆጣጣሪ ናቸው። ይህ ዕውቀት ከረጢቱ ላይ አይጻፍም። የቀን ሠራተኛዋ ወሩ አልቆ ስትሰናበት አብሯት ይወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላዋ ከዜሮ ትጀምራለች።

የምርት ልማት ክፍል ያላቸው ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ዕውቀት የት እንዳለ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ባለ ዲግሪውን ይጠይቃሉ። «የዕውቀት ሽግግር» የሚል ባነር ተሰቅሎ፣ ሆቴል ተይዞ፣ አበል ተከፍሎ የሚሰጠውን ሥልጠና ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመድረኩ ወደ ወንበሩ ብቻ የሚፈስ ነገር ነው። ነቃይዋ እዚያ አዳራሽ ገብታ አታውቅም።

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ጥሩ ምክር ነው፣ ጉረኛን ይገሥጻል። በሥራ ቦታ ግን ለሌላ ነገር ሲውል አያለሁ፤ የያዘውን የማያካፍል ሠራተኛ መጠለያ ያደርገዋል። በሠራተኛው ላይ ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። ማሽኑ ሲያጓራ ምን እንደጎደለው የሚያውቀው ቴክኒሻን፣ ያንን ለሦስት ወጣቶች ካስተማረ በኋላ ደመወዙ ካልጨመረ፣ ይባስ ብሎ ከሦስቱ አንዱ በግማሽ ደመወዝ ከተተካበት፣ ዝም ማለቱ ስስት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ያካፈለ ሰው ካላካፈለው የተሻለ ካልኖረ «ዕውቀት ተጋሩ» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ከማሳመር አያልፍም።

በሌላ በኩል መንገዱ ክፍት ሲሆን ምን እንደሚሆን የጀልዱ ወረዳ አሳይታለች። የድንች ዘር እንደ በቆሎ በከረጢት አይቀመጥም። ጨለማ ቤት ውስጥ ረጅምና ነጭ ጉንቁል ያወጣና ይኮሰምናል። ሆለታ ያስተዋወቀው መላ ቀላል ነው፤ ዘሩን ፀሐይ ሳይመታው የተበተነ ብርሃን በሚያገባ መጋዘን ማቆየት። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ለመብል አይሆንም፣ ጉንቁሉ ግን አጭርና ጠንካራ ሆኖ ተከላን ይጠብቃል። ጃለኔና ጉደኔ የተባሉት ዝርያዎች ከሆለታ ሲወጡ ከዚህ መጋዘን ጋር ተያይዘው ወደ ጀልዱና ወልመራ ገበሬዎች ወረዱ፤ በገበሬ የምርምር ቡድኖችም በኩል ተሞከሩ። መጋዘኑ የፋብሪካ ዕቃ አይደለም። ባሕር ዛፍ፣ ጭቃ፣ ሣርና እርስ በርስ የተደራረበ የእንጨት መደርደሪያ ነው። ገበሬው በአቅሙ ያሳንሰዋል፣ በቤቱ ጥግ ያስጠጋዋል፣ ዘር ሻጭ ሲሆን ደግሞ ያሰፋዋል። ጀልዱ ከሌላ ቦታ ዘር የምትለምን ወረዳ መሆኗ ቀርቶ ለሌሎች የድንች ዘር የምታቀርብ ሆነች። ተመራማሪውና ገበሬው አንድ መደርደሪያ ፊት ቆመው መነጋገራቸው የትኛውም ሪፖርት የማይተካው ነገር ነው።

ከምዕራብ ሸዋ ዞን የወጣው ትልቁ የምርት ፈጣሪም ይህንኑ ያስተምራል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ የተወለዱት በ1950 ወሎንኮሚ ነው። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ይሄዱ ነበር። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና ከዓለማያ ኮሌጅ በኋላ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ ሱዳን ሄዱ። እዚያ ያዳቀሉት ሐጊን ዱራ-1 የተባለው ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ በ1983 ተለቀቀ፤ በአፍሪካ ለገበያ የበቃ የመጀመሪያው ድርቅ ቻይ ዲቃላ ማሽላም ሆነ። ከዚያ በኋላ ያጋጠማቸው ጠላት አቀንጭራ ነበር፤ የማሽላውን ሥር ፈልጎ የሚጠባ ጥገኛ አረም። ማሳ ላይ ለዓመታት የማይፈታው ነገር ፐርዱ ውስጥ አዳቃዩና ባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተፈታ። ጄሊ በመሰለ ነገር በተሞላ ትንሽ ሳህን ላይ የማሽላ ፍሬና የአቀንጭራ ዘር አብረው ይቀመጣሉ። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ቅመም አረሙን ከምን ያህል ርቀት እንደሚቀሰቅሰው በማስመሪያ ይለካል። ርቀቱ አጭር የሆነው ማሽላ ጠላቱን አይጠራም ማለት ነው፤ ለማዳቀል ይመረጣል። አዳቃዩ ብቻውን ቅመሙን አያየውም፤ ኬሚስቱም ብቻውን የትኛው ማሽላ ለገበሬ እንደሚጠቅም አያውቅም። ከዚያ ሥራ የተገኘ 8 ቶን ዘር በ1994 ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሰራጨ። ኢትዮጵያም ጎቢዬና አብሽር የተባሉትን ለቀቀች። የዓለም የምግብ ሽልማት የመጣው በ2009 ነው። ሽልማቱን እናወራለን፤ ሳህኑን ግን እንረሳዋለን።

ሁሉም ነገር ይገለጥ አልልም። አምቦ ውኃን ተመልከቱ። ከ1930 ጀምሮ ሲታሸግ፣ ጋዙን የሚሰጠው መሬቱ ነው። ተፎካካሪ ማሽኑን ሊገዛ፣ ጠርሙሱን ሊያስመስል ይችላል፤ ምንጩን ግን ከሰንቀሌ ነቅሎ አይወስድም። የዘር ኩባንያ ይህ ዕድል የለውም፤ ያለው ዕውቀት ብቻ ነው። ፓዮኒር የተባለው የዘር ኩባንያ ሾኔና ሊሙ የተባሉትን የዲቃላ በቆሎዎቹን ወላጆች ቆልፎ ይይዛል፤ መብቱ ነው። ሆኖም አዘራሩን፣ የረድፍ ርቀቱን፣ የማዳበሪያውን መጠን በማሳያ ማሳዎች ላይ ለማንም ያሳያል፣ ገበሬ ሰብስቦ ምርቱን ያስመዝናል። ቆልፎ የያዘው ትንሽ፣ የዘረጋው ብዙ ነው። ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ይህን ገልብጠውታል። ሊቆለፍ የሚገባው ምን እንደሆነ ሳይለዩ አሠራራቸውን ሁሉ ይደብቃሉ።

ሕጉ በአንድ በኩል መንገድ ጀምሯል። የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481/2006፣ በኋላም የተካው 1068/2017፣ አዲስ ዝርያ ያወጣ ሰው ከሥራው እንዲጠቀም ይደነግጋል። ባኮ ያወጣውን መስመር አባዝቶ የሚሸጥ ድርጅት ለባኮ የሚከፍለው ነገር ካለ፣ ባኮም የሚቀጥለውን መስመር የሚያወጣበት አቅም ያገኛል። ለነቃይዋ ግን አዋጅ አልወጣላትም። ለእሷ የሚያስፈልገው ተራ ነገር ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ እንድትመጣ የሚያደርግ የተሻለ ውሎ ክፍያ፣ ያስተዋለችውን የሚጽፍላት ተቆጣጣሪ፣ ሐሳቧ ተሞክሮ ሲሠራ በስሟ የሚሰጣት ጉርሻ።

ትልቁ ለውጥ ግን ከ2011 ጀምሮ ቀስ በቀስ የተስፋፋው ቀጥታ የዘር ግብይት ይመስለኛል። አምራቹ በራሱ ወኪል በኩል ለገበሬው በቀጥታ ሲሸጥ፣ ከረጢቱ ካልበቀለ ገበሬው የሚሄድበትን ሱቅ ያውቃል። ሻጩም ፊት ለፊት ይሰማል፤ ባይፈልግም ይሰማል። ብዙዎች ይህን ያዩት ከዘር በጊዜ መድረስ አንጻር ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የገበሬው ቃል ወደ አምራቹ የሚመለስበት በር ተከፍቷል። በሩ መከፈቱ ብቻ ግን አይበቃም። ወኪሉ የሽያጭ ደብተር ይይዛል፤ በዚያው ደብተር ላይ ገዢው ዓምና ምን እንደዘራና ምን እንዳማረረው የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይጨመር።

ድርጅቶቹ ምን እንደሚመልሱ አውቃለሁ። ገበሬው የሚያማርረው ስለ ዝናብና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ነው፣ ስለ ዘር አይደለም ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። አገዳው የወደቀው በንፋስ ይሁን፣ በዝርያው ቁመት ይሁን፣ ወይም አዘራሩ ስለተጠጋጋ ይሁን ከደብተር ላይ አይለይም። ለመለየት አዳቃዩ ዘሩ ከተሸጠ በኋላ፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ ጭቃውን ረግጦ ከባኮ ወደ ጉደር፣ ከአምቦ ወደ ጊንጪ መሄድ አለበት። አለበለዚያ የቢኤች-660 ታሪክ ይደገማል፤ ቢኤች-661 ራሱ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።