«ምንም የለም» ያለው ማነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው ልካችሁ «እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ክፍል እንዳለ ቆጥረህ ና» አላችሁት እንበል። ሄዶ ተመለሰና «አንድም ክፍል የለም» አላችሁ። ታምኑታላችሁ? መቼም «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ሳትሉት አታልፉም። ይህንኑ መልስ ኮምፒውተር ሲሰጠን ግን አንገታችንን ነቅንቀን እንቀበላለን። የዛሬው ጭቅጭቄ ከዚህ ይጀምራል።

በጋዜጠኝነት ተመርቄ በወጣሁ ሰሞን አንድ ቢሮ ተቀጠርኩ። የቢሮው ስም ይቆየን። እዚያ የብዙ ዓመት የቃለ መጠይቅ ድምፆች የተጠራቀሙባቸው ዲስኮች ነበሩ። ቦታ ሞላ ተባለና ያረጁት ይጽዱ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ከማጽዳት በፊት ግን በያንዳንዱ ዲስክ ውስጥ ምን ምን ፎልደር እንዳለ ይዘርዘር ተባለ። እኛ ጋዜጠኞች ምን አልን? እንደ ልማዳችን «የአይቲው ልጅ ይጠራ!»

የአይቲው ልጅ መጣ። በፓይተን አጠር ያለች ስክሪፕት ጻፈ፣ አስሮጣት፣ ዝርዝሩን አተመ። አንደኛው ዲስክ ሥር ምንም አልተጻፈም። ፎልደር የለም ማለት ነው። ይጥፋ ተባለ። ከመካከላችን አንድም ሰው «እንዴት?» አላለም። እኔም አላልኩም። ያዳነችን የማህደር ክፍሏ እትዬ ናት። ወሬውን ሰምታ ከተፍ አለች።

«ምን ማለታችሁ ነው የለም? እኔ በገዛ እጄ በየወሩ እየከፈልኩ ያስቀመጥኩትን!»

«እትዬ፣ ማሽኑ የለም ካለ የለም ነው» አላት ልጁ።

«እንግዲያው ማሽንህ ውሸታም ነው!»

ማሽኑ አልዋሸም። እትዬም አልተሳሳተችም። የተሳሳተው ጥያቄው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን ውስጥ «ሊስትዲር» የሚባል ትእዛዝ አለ። የፎልደር አድራሻ ስትሰጡት በውስጡ ያለውን ሁሉ ይዘረዝርላችኋል። ግን ሦስት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ፋይሉንና ፎልደሩን ቀላቅሎ ነው የሚያመጣው። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተል አይጠብቅም። ሦስተኛና ዋናው፣ የሚሰጣችሁ ስም ብቻ ነው፤ ሙሉ አድራሻ አይሰጥም። ስለዚህ ፎልደሮቹን ለመለየት «ኢዝዲር» የሚባለውን ሌላ ትእዛዝ ትጠይቁታላችሁ፤ «ይህ ፎልደር ነው ወይስ አይደለም?»

የአይቲው ልጅ «መስከረም» የሚለውን ስም ባዶውን ሰጠና ጠየቀው። ፓይተን ደግሞ ስም ብቻ ሲሰጡት የሚፈልገው ስክሪፕቱ በሚሮጥበት ቦታ እንጂ ዲስኩ ውስጥ አይደለም። እዚያ «መስከረም» የሚባል ነገር የለም። «አይደለም» ብሎ መለሰ። ጥቅምትም አይደለም፣ ኅዳርም አይደለም። ሁሉም «አይደለም» ሲሆን ዝርዝሩ ባዶ ሆነ። ልብ በሉ፤ ስህተት አለ ብሎ አልጮኸም፣ ቀይ ጽሑፍ አላወጣም። በጨዋ ደንብ ባዶ ወረቀት አስረከበ። መፍትሔው ደግሞ ስሙን ከዲስኩ አድራሻ ጋር በ«ጆይን» ማያያዝ ብቻ ነበር። የአንድ ቃል ጉዳይ! ለአንድ ቃል ብለን የስንት ሰው ድምፅ ልናጠፋ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሙሉ ምን ተማርን? ምንጭህን ጠይቅ፣ በሁለተኛ ምንጭ አረጋግጥ፣ ባለሥልጣን «ችግር የለም» ሲል ማስታወሻህን አጥፈህ አትሂድ ተባልን። ተመረቅንና አንድ ስክሪፕት «ችግር የለም» ሲለን ማስታወሻችንን አጠፍን። እኔ ይህን የእውቀት እጥረት ብቻ ብዬ አላልፈውም። የሙያ ስንፍና ነው። ጥያቄውን ሳታይ መልሱን ከተቀበልክ፣ የተላክልህን መግለጫ እንዳለ ከሚያትመው ጓደኛህ በምን ትሻላለህ?

የባሰም አለ። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየገባ እስከ ታች የሚዘረዝር «ዎክ» የሚባል ትእዛዝ አለ። በጣም ይወደዳል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ጠባዩን እወቁት። የመግባት ፈቃድ የሌለው ፎልደር ሲገጥመው፣ ካላዘዛችሁት በቀር ምንም ሳይናገር ዘሎት ያልፋል። «እዚህ በር ተቆልፎብኛል» አይላችሁም። እንዲናገር ከፈለጋችሁ «ኦንኤረር» በሚለው በኩል ማዘዝ አለባችሁ። እንግዲህ አስቡት፤ የመንግሥት ቢሮም ይሁን የግል ድርጅት፣ የአንድን ተቋም ሰነድ የምትመረምር ጋዜጠኛ ብትሆኑ በጣም ልታውቁት የሚገባው ፎልደር የቱ ነው? የተቆለፈው አይደለም እንዴ! ስክሪፕታችሁ ግን እሱኑ ነው በዝምታ የሚያልፈው።

«ይህ እኛን አይመለከትም፣ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የምትል ልጅ አትጠፋም። በ2016 እ.ኤ.አ. ስለወጣው የፓናማ ሰነዶች ምርመራ ሰምታችኋል። ሞሳክ ፎንሴካ ከሚባለው የሕግ ድርጅት የወጣው 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ነበር፤ 2.6 ቴራባይት። ድርጅቱ ለያንዳንዱ ስመ ኩባንያ ለብቻው ፎልደር ነበረው። ያን ክምር የተረከበው የጀርመኑ ጋዜጣ ሱድዶይቸ ሳይቱንግና አብረውት የሠሩት ጋዜጠኞች ፎልደር አንድ በአንድ እየከፈቱ ቢሆን ኖሮ ዛሬም አይጨርሱም። ምን ምን እንዳለ ማወቅ ከዜናው በፊት የሚመጣ ሥራ ነው፤ ዝርዝር የሌለው ምርመራ ጨለማ ውስጥ መዳበስ ነው።

የእኛ ቤት ጣጣ ደግሞ የራሱ ጣዕም አለው። ያ ዲስክ በትክክል ሲዘረዘር ምን ወጣ መሰላችሁ? «ሐምሌ» የሚባል ፎልደር አለ። «ሀምሌ» የሚባል አለ። «ሃምሌ»ም አለ። ለጆሯችን አንድ ወር ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በፊደል ተራ ብታስቀምጧቸው እንኳ «ሐምሌ» ከነ«ለ» ወዲያ ነው የሚገኘው። «ሐምሌን አምጣልኝ» ብሎ አንዱን ያገኘ ሰው ሌሎቹ ሁለቱ መኖራቸውን በምን ያውቃል? የዓመተ ምሕረቱን ነገርማ ተዉት። «2012» የሚል ፎልደር የእኛ ነው ወይስ የፈረንጁ? የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት እኮ ነው! ይህን ማንም ፓይተን አይፈታላችሁም። ግን ዝርዝሩን ፊታችሁ ሲዘረጋላችሁ ጉዳችሁን ታዩታላችሁ። ከዚያ ወዲያ ለወሩ ከ01 እስከ 13 ቁጥር መስጠትና ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ የናንተ ፋንታ ነው።

«ኧረ እቴ፣ ዛሬ እኮ ቻትቦቱ ይጽፍልሻል!» አለችኝ አንዷ ጓደኛዬ። ይጻፍልሽ እህቴ፣ ማን ከለከለሽ? እኔም አስጽፋለሁ። ግን የጻፈልሽን ማንበብ ካልቻልሽ የቀየርሽው ነገር ቢኖር የአይቲውን ልጅ ነው። ትናንት «ልጁ የለም ብሏል» ትይ ነበር፣ ዛሬ «ቻትቦቱ የለም ብሏል» ትያለሽ። ያው ነው።

ፕሮግራመር ሁኑ አላልኩም። እኔም አይደለሁም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ይበቃችኋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፓይተን 3.5 ወዲህ «ስካንዲር» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ እያንዳንዱን ስም ከነአድራሻው ያመጣል፣ ፎልደር መሆን አለመሆኑንም እዚያው ይነግራችኋል። የአይቲው ልጅ የወደቀበት ጉድጓድ በዚህ መንገድ ላይ የለም። ክፈቱት፣ አንድ በአንድ ጠይቁት፣ ፎልደር የሆነውን ብቻ አትሙት። አራት መስመር አይሞላም። ከዚያ መልሱ ትክክል መሆኑን የምታውቁት ፎልደር ላይ ሞክሩት፤ አምስት ካለው አምስት ይበል። በሁለተኛ ምንጭ ማረጋገጥ ማለት ይኸው ነው።

እትዬ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ፓይተን የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ግን ከዚያ ሁሉ ዲግሪ ከያዘ ሰው መካከል ጋዜጠኛ የሆነችው እሷ ብቻ ነበረች፤ «የለም» ሲሏት «ማነው የለም ያለው?» ብላ የጠየቀች።

እናንተስ በመጨረሻ የጠየቃችሁት መቼ ነው?

ሰላም ሁኑልኝ።