የበጎቼ ደም የት ደረሰ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ልክ ናቸው። ግን በሽታውን ሳይደብቅ፣ ደሙን ሰጥቶ፣ መልስ የተከለከለውስ ምን ይባል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመድ ጥየቃ ራቤል ሄጄ ነበር። የግሼን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባና ተደርቦም አጥንት ይገባል። እናላችሁ፣ ያረፍኩበት ቤት እመቤት፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ስለ በጎቻቸው አጫወቱኝ። ዘንድሮ ሦስት እናት በጎች ጽንሳቸውን ጥለዋል። አምናም ሁለት ጥለው ነበር። በጎቹ ግን የታመሙ አይመስሉም፤ ይግጣሉ፣ ያመሰኳሉ።

«ሐኪም አላያቸውም?» አልኩ።

«ልጆች መጥተው ደም ቀድተው ሄዱ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። አንተ ከተሜ ነህና እስቲ ጠይቅልኝ ልጄ፤ የበጎቼ ደም የት ደረሰ?»

አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ልንገራችሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ደሙ የት እንደሚደርስ እገምታለሁ። ደሙ ሠንጠረዥ ይሆናል፣ ሠንጠረዡ መመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፣ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። እኛ መምህራንም ካባችንን ለብሰን እናጨበጭባለን። ደሙን የሰጠችው ሴት ግን ያው እሳት ዳር ናት።

እነዚያን በጎች ምን እንደያዛቸው አላውቅም። ባለቤታቸውም አያውቁም። ክሴም ይኸው ነው። ጽንስ ከሚያስጥሉት በሽታዎች አንዱ ብሩሴሎሲስ ነው። ተህዋሲውን ዴቪድ ብሩስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ማልታ ውስጥ አገኘው፤ ከፍየል ወተት ወደ ሰው እንደሚሄድም እ.ኤ.አ. በ1905 እዚያው ታወቀ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ይህ ተህዋሲ እንስሳውን አጣድፎ አይገድልም፤ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። በተጣለው ጽንስ፣ በእንግዴ ልጁ፣ በወተቱ ይወጣል። ጽንሱን በባዶ እጇ የምታነሳዋ ደግሞ ሴትዮዋ ናት። ከያዛት ሄድ መጣ የሚል ትኩሳት፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ይሆንባታል። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ምን እንደሚሏት እናንተም ታውቃላችሁ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ»! ስንቶቻችን ነን በዚያ ደካማ የደም ምርመራ ታይፎይድ ተብለን ኪኒን የቃምን?

የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ምርመራ፣ መልስ ከማጣት ይከፋል የምለው ለዚህ ነው።

የበጎቹም ምርመራ እንዲሁ ነው። ሮዝ ቤንጋል የሚባል አለ። አንድ ጠብታ የደም ውሃ ቀይ ቀለም ከተቀባ የሞተ ተህዋሲ ጋር ይደባለቃል፤ አራት ደቂቃ ይወዘወዛል፤ ከተቋጠረ «አለባት» ይባላል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፤ አልሰድበውም። ግን ጉድለቱን መናገር ነውር አይደለም። የተከተበችውን ከታመመችው ለመለየት ይቸግረዋል። ሌላ ተመሳሳይ ተህዋሲ ያገኛትን በግ በሐሰት ሊወነጅላት ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው፣ አውራ በጎችን መካን የሚያደርገውን ብሩሴላ ኦቪስ የሚባለውን ዓይነት ጭራሽ አያየውም። መንዝ ደግሞ የበግ አገር ነው። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ እነ ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬው የተመረጠ አውራ በግ በጋራ እየተጠቀመ ዘሩን ያሻሽላል። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ አውራ የብዙ ቤት በጎችን የሚያገኝ ከሆነ፣ በዚያ አውራ ላይ የሚደረገው ምርመራ ቀልድ ሊሆን አይገባም።

አንድ የተማረ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ሕዝቡ እህል አጥቶ አንተ ስለ በግ ላቦራቶሪ ታወራለህ?» አለኝ። ወዳጄ፣ ለመንዝ ሰው በግ ምን እንደሆነች ታውቃለህ? ገብሱን ውርጭ ሲመታው የሚሸጣት እሷን ነው። ማዳበሪያው፣ የልጁ ደብተር፣ የሐኪም ቤቱ ክፍያ እሷ ናት። የተጣለ ግልገል ማለት የተጣለ እህል ማለት ነው።

አንችልም እንዳይባል ደግሞ ችለናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን ከብታችንን የፈጀውን ደስታ በሽታ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ጠፋ ብሎ አውጇል። ያ ድል የክትባት ብቻ አልነበረም፤ ክትባቱ መያዙን፣ በሽታው መቅረቱን የሚናገር አስተማማኝ የደም ምርመራም ነበረበት። ደስታ በሽታ ፈጥኖ ስለሚገድል ነገሥታቱንም አስደነገጠ። ቀስ ብሎ የሚያደኸየውን ግን ማን ይደነግጥለት?

ስለዚህ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለበጋችን የሚሆን፣ የተከተበውን ከታመመው የሚለይ ምርመራ ተመራማሪዎቻችን ይሥሩልን፤ ሰበታም ቢሾፍቱም የእንስሳት ጤና ተቋማት አሉን። ሁለተኛ፣ ምርመራው በረት ደጃፍ ላይ የሚሠራና በዕለቱ የሚመልስ ይሁን። ሦስተኛ፣ ደም የቀዳ ሁሉ ውጤቱን ለባለቤቱ ሳይነግር አይመረቅ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ኅሊና እንጂ። አራተኛ፣ «በግሽ ታማለች» የተባለች ሴት ካሣ ታግኝ። አለዚያ ምን ታደርጋለች? ቅዳሜ ገበያ ታወጣታለች፤ በሽታውም በጎረቤቷ ብር ተገዝቶ ይገባል። እሷን ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም።

ከራቤል ስመለስ ሴትዮዋ እስከ መኪናው ሸኙኝ። «አትርሳ እንግዲህ» አሉኝ። ያልረሳሁ መሆኔን ለማሳየት ይህን ጻፍኩ። መልሱ ግን የእኔ እጅ ላይ የለም። ደሙን የወሰዳችሁ ሆይ፣ ሴትዮዋ አሁንም እየጠበቁ ነው።