የቤተሰብ ዓምድ፦ አዲሱ ራም እምቢ ባለ ጊዜ

በዛሬው ዝግጅታችን የምናተኩረው የኮምፒውተርን ራም ለማሳደግ ሲሞከር በሚያጋጥም ችግር ላይ ነው። ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛው ራም ተተክሎ ማሽኑ አልነሳ ሲል፣ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ ወዲያው ይሰጣል። በዚህም ችኮላ ደህናው ዕቃ ይጣላል፤ ለልጆች ደብተርና ጫማ የታሰበውም ገንዘብ አላግባብ ይባክናል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ አስቀድሞ መጣራት ያለበት የሁለቱ ዕቃዎች መስማማት ነው። የአንዱ ጠመንጃ ጥይት ለሌላው እንደማይሆን ከእኛ ወገን የሚስተው የለም። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሆነው ዲዲአር 3 ራም 240 ፒኖች ሲኖሩት፣ ዲዲአር 4 ግን 288 አለው፤ በጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥም ቦታው ይለያያል። ስለዚህ አልገባ ያለውን በጉልበት መግፋት ማስገቢያውን መስበር ብቻ ነው።

ከዓይን የሚሰወር አለመስማማትም አለ። ኢንቴል ጂ 41 ቺፕሴት ያላቸውን፣ ዲዲአር 3 የሚቀበሉ አሮጌ ማዘርቦርዶች እንውሰድ። 8 ቺፖች ብቻ ያሉት ባለ 4 ጊጋባይት ራም በትክክል ይገባል፤ ሆኖም አይሠራም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ቺፕ 4 ጊጋቢት ሲይዝ፣ ጂ 41 የሚያስተናግደው እስከ 2 ጊጋቢት ብቻ ነው። ያው 4 ጊጋባይት በ16 ቺፖች ሲከፋፈል ግን ይህ እንቅፋት ይወገዳል። እንግዲህ ዕቃዎቹ ሁለቱም ደህና ሆነው ሳለ የጎደለው ስምምነት ነው።

ስለሆነም ፍተሻው በሥርዓት ይካሄድ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ፤ ራሙን ከመንካታችሁም በፊት የሣጥኑን ብረት ንኩ። ከዚያም አዲሱን አውጥታችሁ አሮጌውን መልሱ። ማሽኑ ከተነሳ ማዘርቦርዱ ደህና ነው። ቀጥሎ አዲሱን ብቻውን፣ መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ድረስ ተጭናችሁ አስገቡ፤ እምቢ ካለ በሌላው ማስገቢያ ሞክሩት። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ ጥፋተኛው አይለይምና። አንዱ የቤተሰብ አባል ሲሠራ ሌላው ውጤቱን በደብተር ይመዝግብ።

ማሽኑ ተነስቶ ከ4 ጊጋባይት ያነሰ ብቻ ቢያሳይ፣ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት እንደሆነ ተመልከቱ። መሥራት ከጀመረም በኋላ እንደ ሜምቴስት 86 ባለ መፈተሻ አሳድሩት፤ ስሕተት የሚያሳይ ራም የልጆችን ጽሑፍና የቤተሰብን ፎቶግራፍ ሊያበላሽ ይችላል።

በመጨረሻም የምናሳስበው ይህን ነው፦ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የማዘርቦርዱን ሞዴል ጽፋችሁ ያዙ፤ ካልሠራ መመለስ እንደሚቻልም ከሻጩ ጋር ተስማሙ። አዲሱ ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስም አሮጌውን ራም አትጣሉ፤ ለማዘርቦርዱ ደህንነት የሚመሰክረው እርሱ ነውና።