ተውኔት ቁጭ ብሎ አይነበብም

«ተውኔት ማስተማር ሰለቸኝ» አለችኝ ወዳጄ፣ ገና ቡናው ሳይቀርብ። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ አስተማሪ ናት። ሥራዋን የምትወድ፣ በሆነ ባልሆነው የማታማርር ሰው ስለሆነች ደነገጥኩ።

«ምኑ ነው የሰለቸሽ?»

«አነባለሁ፣ ያዳምጣሉ። የገጸ ባሕርያቱን ስም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ። ጭብጡ ምንድን ነው፣ ግጭቱስ የቱ ጋ ነው ብዬ ስጠይቅ ካምና ተማሪዎች ደብተር ያገኙትን መልስ ይመልሱልኛል። ፈተናውንም ያልፋሉ። ግን አንድም ቀን ሲስቁ አላየሁም፤ አንድም ቀን ከፋን ሲሉ አልሰማሁም። እንግዲህ ምኑን አነበቡት?»

«አስነሥተሻቸው ታውቂያለሽ?»

«ከየት?»

«ከዴስካቸው።»

ትንሽ አሰብ አደረገች። «የትያትር ክበብ አለን እኮ። ለወላጆች ቀን አንድ ነገር ሳያቀርቡ ቀርተው አያውቁም።»

ሙግታችን ከዚህ ጀመረ። ክበቡ ይኑር፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ክበቡ ውስጥ የሚገቡት ድምፃቸው የሚያምር፣ ሰው ፊት ለመቆም የማይፈሩ ጥቂት ልጆች ናቸው። የቀረው ተማሪ አጨብጭቦ ይወጣል። እኔ የምለው በመደበኛው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ ያለ አልባሳት፣ ያለ መብራት፣ ያለ መድረክ፣ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ አንዲት አጭር ትዕይንት እንዲሠራ ነው። ልጆቹ ተውኔቱ ስለገባቸው አይደለም የሚተውኑት፤ እንዲገባቸው ነው።

«ስልሳ ተማሪ ይዤ?» አለች።

«ስልሳ ተማሪ ይዘሽ። እንዲያውም ብዛታቸው የሚጠቅምበት ትዕይንት አለ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ‹ማክቤዝ› ታውቂዋለሽ። የግብዣውን ትዕይንት አስቢ።»

ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ ዙፋን ይዟል። ባልንጀራውን ባንኮንም ነፍሰ ገዳይ ልኮ አስገድሎታል። በዚያው ሌሊት መኳንንቱን ጠርቶ ያበላል። እንግዶቹ ሲገቡ እንደየማዕረጋቸው እንዲቀመጡ ይነገራቸዋል። ጥቂት ቆይቶ የባንኮ መንፈስ ይመጣና በንጉሡ ቦታ ቁጭ ይላል። ከማክቤዝ በቀር የሚያየው የለም።

«በቁራጭ ወረቀት ማዕረግ ጻፊና አድያቸው» አልኳት። «ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ግራዝማች እያልሽ። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ራሳቸው ይከራከሩበት። ግብር ላይ የመቀመጫ ቦታ ምን ያህል የክብር ጉዳይ እንደነበረ ለእኛ አገር ልጅ ማስረዳት አይቸግርም፤ ዛሬም ሠርግ ቤት ያየዋል። ሁሉም ቦታውን ሲይዝ አንድ ወንበር ባዶ ይቅር። አንድ ልጅ ማክቤዝ ይሁን። የቀሩት ሃምሳ ምናምን ልጆች ሥራ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ ንጉሥህ ከባዶ ወንበር ጋር ሲጣላ ብታየው ምን ታደርጋለህ? ወንበሩን ታያለህ? ያጠገብህን ሰው ታያለህ? ወይስ ምንም እንዳልሰማ አቀርቅረህ መብላትህን ትቀጥላለህ?»

«አቀርቅሬ እበላለሁ» አለች ወዲያው።

«አየሽ፣ ይህን አሁን በአፍታ ወሰንሽ። ልጆቹም ይወስናሉ። ፈርቶ ዝም ያለ መኳንንት ምን እንደሚመስል በገዛ አንገታቸው ያውቁታል። ከዚያ መንፈሱን በሁለት መንገድ ሞክሩት። መጀመሪያ ወንበሩ ባዶ ይሁን፤ ቀጥሎ አንድ ልጅ በእውነት ይቀመጥበት። የትኛው አስፈራችሁ በያቸው። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ተመልካቹ ከእንግዶቹ ጋር ሆኖ አንድ ያበደ ንጉሥ ያያል። ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ተመልካቹ ራሱ የማክቤዝን ዓይን ይዋሳል። ትልልቅ አዘጋጆችም በዚህ ነገር አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ‹ትክክለኛው መልስ› ደብተር ውስጥ አይገኝም።»

የዚህ ትዕይንት መጨረሻ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ንግሥቲቱ እንግዶቹን ስታሰናብት የማዕረግ ተራ ሳትጠብቁ ቶሎ ውጡ ትላቸዋለች። ልጆቹ አሥር ደቂቃ ሙሉ የተከራከሩበት የመቀመጫ ሥርዓት በአንድ ትእዛዝ ፈረሰ ማለት ነው። ሲጋፉ ከክፍሉ ጥግ ሲደርሱ፣ መንግሥቱ ውስጥ ምን እንደተናጋ መምህሯ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አያስፈልጋትም።

«ጩኸቱን ምን ላድርገው? ግድግዳው ወዲያ ሒሳብ ይማራሉ።»

«በሹክሹክታ አሠሪው። ስልሳ ሰው ሲያንሾካሹክ ከጩኸት የባሰ ያስፈራል። ንግሥቲቱም የምትናገረው ለሁለት ጆሮ ነው፤ ለእንግዶቹ ጮክ ብላ ‹የቆየ ሕመሙ ነው› ትላለች፤ ወደ ባሏ ዞር ብላ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ወንድነቱን ታነሣበታለች። ክፍሉ በሹክሹክታ ሲሠራ ይህ መገለባበጥ ጎልቶ ይወጣል።»

ቡናው መጣ። አቦሉን ስትቀምስ ወደ ሌላው ችግሯ ገባች።

«እሺ፣ ይሄ ድርጊት ያለበት ትዕይንት ነው። ቋንቋውስ? የጸጋዬ አማርኛ ይከብዳቸዋል። ገና ሁለት ስንኝ ሳናነብ ‹ይሄ ቃል ምንድን ነው› ይሉኛል፤ ፍቺ ስሰጥ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።»

«ፍቺውን አታስቀድሚ። አሥር ስንኝ ስጫቸውና ይሂዱበት።»

«እንዴት ነው በስንኝ የሚሄዱት?»

ይህን ቀስ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። የአማርኛ ግጥም የሚሄድበት እግር አለው። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ይዞ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ጸጋዬ ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም አስረዘመው፤ ስሙም ለዚያ ቤት መጠሪያ ሆነ። ተማሪ ይህን ለፈተና ሸምድዶ ሊያውቀው ይችላል። ግን አስነሥታችሁ በእያንዳንዱ ሐረግ ላይ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ብታደርጉት፣ ነጥብ ወይም ነጠላ ሰረዝ ባገኘ ቁጥር ደግሞ አቅጣጫ እንዲቀይር ብታዙት፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ልቡ የረጋ ሰው ንግግር ቀጥ ብሎ ያስኬደዋል። የተጨነቀ ሰው ንግግር ያሽከረክረዋል፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይመልሰዋል። የሐምሌትን መነባንብ እንዲህ የሄደበት ልጅ ሰውየው ለምን መወሰን እንዳቃተው ሲጠየቅ የሚናገረው አያጣም። የከበደው ቃልም በዚያን ጊዜ ይፈታል፤ ለምን ቢሉ ልጁ ራሱ ስለሚጠይቅ። የሚናገረውን ሳያውቅ ወዴት ይዞራል?

የሐምሌትን ንግግር ለሁለት ከፍሎ ማስነበብም ይቻላል። በቀኝ በኩል ያሉት ዴስኮች መኖርን የሚመርጠውን ሐሳብ ይያዙ፣ በግራ ያሉት መሞትን የሚመኘውን። ፊት ለፊት ይወራወሩት።

«በሰውነት መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም» አልኳት። «የአቋቋም ተማሪ ዜማውን የሚይዘው ቆሞ፣ በመቋሚያውና በጸናጽሉ፣ ከጓደኞቹ ጋር እኩል እየተንቀሳቀሰ ነው።»

«እሱ ግን ዓመታት ይፈጅበታል።»

«አዎ። አንቺም ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር አትጨርሺም። የኔ ምክር ከአንድ ተውኔት ሦስት ትዕይንት መርጦ መሥራት፣ መሐሉን ደግሞ አንቺ በአፍሽ መተረክ ነው። ከ‹ኦቴሎ› መሐረቡ ብቻ ይበቃል። አንድ ጨርቅ ይዘሽ ግቢና ከእጅ ወደ እጅ ይሂድ። ከኦቴሎ እናት ወደ ኦቴሎ፣ ከእሱ ወደ ዴዝዴሞና፣ ከወደቀበት ያነሣችው ኤሚሊያ፣ ከእሷ ኢያጎ፣ ከዚያ ካሲዮ፣ ከዚያ ቢያንካ። እያንዳንዱ ሲቀበል ይህ ጨርቅ ለእኔ ምንድን ነው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ለአንዷ የፍቅር ምልክት ነው፣ ለሌላው ወጥመድ ነው፣ ለካሲዮ ክፍሉ ውስጥ ያገኘው ጌጠኛ ጨርቅ ነው። ሰው የሚሞትበት ማስረጃ ይህን ያህል ቀላል እንደነበረ ሲያዩ ይናደዳሉ። ይናደዱ።»

ወዳጄ ፈገግ አለች፤ ቀጥላ ግን «ሁሉም የፈረንጅ ሆነብኝ» አለች። ልክ ናት፤ እኔም ወደዚያው ልወስዳት ነበር። የአማርኛ ተውኔት ያደገው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከታገደ በኋላ፣ በ1920ዎቹ ዮፍታሔ ንጉሤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤትን ተማሪዎች፣ መላኩ በጎሰው ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክን እያሠለጠኑ ተውኔት አሳዩ። ከጠላት ወረራ በኋላ ስንዱ ገብሩ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ስለ አርበኝነት ተውኔት እየጻፉ ልጃገረዶቹን አሠሩ። ጸጋዬም ገና አምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ የጻፈው ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቷል። ያን ጊዜ ብሔራዊ ትያትር የሚባል ሕንፃ አልነበረም፤ እሱ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሕንፃ ሳይኖር ተማሪ ነበረ። ተውኔትን ለተማሪ የሚያስነብብ መምህር ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው እወዳለሁ።

በውጭም ቢሆን ነገሩ የተጀመረው በአስተማሪዎች ነው። ካልድዌል ኩክ የተባለ መምህር ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ ሼክስፒርን በክፍል ውስጥ ጨዋታ እያስተማረ እ.ኤ.አ. በ1917 መጽሐፍ አወጣበት። በዚያችው ከተማ በ1980ዎቹ ሬክስ ጊብሰን ሼክስፒር ሊተወን እንደተጻፈ ቃለ ተውኔት ይያዝ ብሎ የእንግሊዝን አስተማሪዎች አነቃነቀ። ዋሽንግተን ያለው የፎልገር ቤተ መጻሕፍትም ከ1984 ጀምሮ መምህራንን በዚሁ መንገድ ያሠለጥናል። በዚያ ከተማ ዙሪያ ልጆቹን የሚያሳድግ የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ ልጁ «ሐምሌት»ን በእንግሊዝኛ ሲያጠና አባት የጸጋዬን አውጥቶ ቆመው ቢነባበቡ የቤት ሥራውም ይሠራል፣ አማርኛውም ይቀጥላል።

«የመንግሥቱ ለማስ?» አለች። «‹ጠልፎ በኪሴ›ን ባሠራቸው ደስ ይለኛል፤ ግን እፈራለሁ። ጉዳዩ ጠለፋ ነው። ክፍሌ ውስጥ ጠለፋን በወሬ ሳይሆን በእህቷ የምታውቅ ልጅ ልትኖር ትችላለች።»

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ከበደኝ። ተውኔቱ ኮሜዲ ነው፤ የሚስቀውም ተማርን ብለው ጠለፋ በሚያሴሩት ወጣቶች ላይ ነው። ቢሆንም በእጅ መያዝን፣ መጎተትን በተማሪ አካል ማሠራት አይገባም። ከድርጊቱ በፊት ያለውንና በኋላ ያለውን ማሠራት ይቻላል። ሴራው ሲሸረብ ወንዶቹን «ቁም!» ብሎ እንደ ሐውልት አስቁሞ፣ እያንዳንዱ በልቡ የሚያስበውን አንድ ቃል እንዲናገር ማድረግ ነው። ከዚያ ልጅቷን ገጸ ባሕርይ ወንበር ላይ አስቀምጦ ክፍሉ ይጠይቃት፤ ይህን ወንበር ወንዶችም ተራ በተራ ይቀመጡበት። ስለ እሷ ሲመከር እሷ የት ነበረች? የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ጠላፊ ተጠላፊዋን ሲያገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረውን ድንጋጌ ያስቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። መንግሥቱ ለማ ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት ነገሩን መድረክ ላይ አውጥቶ ማሳቂያ አደረገው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

«የሚያፍሩትስ? አንድ ልጅ አለች፤ ስሟን ስጠራ እንኳ ድምፅዋ አይሰማም።»

«የማክቤዝ እንግዳ ትሁን፤ አትናገርም፣ ግን ትወስናለች። ወይም አዘጋጅ ትሁንና ‹እዚያ ቁም፣ ወደዚያ እይ› ትበል። ሁሉም ዋና ተዋናይ ይሁን አላልኩሽም።»

«ነጥብ በምን ልስጥ?»

«ለትወናው አትስጪ። ድምፁ ላማረ ነጥብ ከሰጠሽ ክበቡን ክፍል ውስጥ አስገባሽው ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይቀመጡና ይጻፉ። ምን ወሰንክ? ያስወሰነህ የትኛው ቃል ነው? ቃሉን ከተውኔቱ ካላመጣ ነጥብ የለም።» በዚህ ላይ ድርቅ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ወደ ጽሑፉ የማይመለስ ትወና ግርግር ሆኖ ይቀራል፤ መምህራን ይህን አካሄድ የሚፈሩትም እንዲህ ያለውን አይተው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ሲቀዳ «በመንግሥቱ ለማ ‹ያላቻ ጋብቻ› እጀምራለሁ» አለች። እኔ የማክቤዝን ግብዣ ስለወደድኩት ተከራከርኳት፤ አልሰማችኝም። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የመኳንንት ዘር የቤት ሠራተኛዪቱን ሊያገባ ሲነሣ ማን ብድግ እንደሚል፣ ማን ቁጭ እንደሚል፣ ማን አንቱ ተብሎ ማን አንቺ እንደሚባል ተማሪዎቿ ከቤታቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ እጃቸውንና እግራቸውን ለማንቀሳቀስ አይቸገሩም ባይ ናት። አሳመነችኝ። ያልተስማማነው ወጣቱን ማን ይሥራው በሚለው ነው። እሷ ደፋር አንድ ልጅ መርጣ ልትጀምር ትፈልጋለች፤ እኔ ስድስት ልጆች በየጥቂት መስመሩ እየተቀባበሉት ይሥሩት ብያታለሁ፤ ሠራተኛዪቱንም እንዲሁ። ለሰኞ በሁለቱም መንገድ ሞክራ ትነግረኛለች።